የሚቀየር ብድር፦ ዕዳ ወይስ ካፒታል?

ጤና ይስጥልኝ የሂሳብ ሰዎች። ዓመታዊ ሂሳብ ልዘጋ ስል አንድ ውል ይዞኛል። አክሲዮን ማኅበራችን ከአንድ ባለሀብት 10 ሚሊዮን ብር ተበድሯል፤ ለ3 ዓመት፣ በየዓመቱ መጨረሻ 8 በመቶ ወለድ እየከፈለ። ጊዜው ሲያልቅ ሰውየው ወይ ገንዘቡን ይወስዳል፣ ወይ ወደ አክሲዮን ይቀይራል።

የመቀየሪያ ዋጋው የተቆረጠ ቢሆን በአይኤኤስ 32 (ዕዳና ካፒታልን በሚለየው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ) ዕዳና ካፒታል ብዬ ለሁለት እከፍለው ነበር። ባንክ ተራ ብድር በ15 በመቶ ስለሚሰጠን፣ በዚያ ሲሰላ ዕዳው 8,401,742 ብር፣ ቀሪው 1,598,258 ብር ካፒታል ይሆናል።

ውሉ ግን "በወቅቱ በሚኖረው የአክሲዮን ዋጋ" ይላል። የአክሲዮኑ ብዛት ካልታወቀ ደግሞ ካፒታል የሚባል ነገር የለም፤ 10 ሚሊዮኑ እንዳለ ዕዳ ነው ባይ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ይህን መስማት አይፈልጉም፤ ባንኩ የዕዳ ምጣኔያችንን ያያላ!

አሁን ውሉን አሻሽለን "አንዱ አክሲዮን በ1,000 ብር" ብንል፣ ካፒታል የሚሆነው ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ብቻ ነው? እስከዚያስ የመቀየር መብቱ በአይኤፍአርኤስ 9 (የፋይናንስ ሰነዶች በሚለኩበት ደረጃ) ለብቻው በፌር ቫልዩ፣ ማለትም በወቅቱ የገበያ ዋጋ፣ ይለካል? እንዲህ ያለ ውል የሠራችሁ ጆርናሉን (የሂሳብ ምዝገባውን) ብታሳዩኝ ውለታችሁ አይጠፋኝም።