ሁለቱም 1780 ይላሉ፣ ግን አይመሳሰሉም

ድሮና ዘንድሮ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአያቴ የወረስኳቸው ሁለት የማርትሬዛ ብሮች አሉኝ። ሁለቱም 1780 ይላሉ። ጎን ለጎን ሳያቸው ግን የሴትዮዋ የትከሻ ጌጥ አንድ አይደለም፣ የንስሩ ጭራም ይለያል። አንደኛው ፎርጅድ ነው እንዴ? ሌላ አንድ የምኒልክ ብርም አለኝ፣ ፲፰፻፹፱ ይላል። ጠቁረዋል፣ በምን ላጽዳቸው?

ጎፈሬው፦
እህቴ፣ ማጽጃውን መጀመሪያ አስቀምጪው! የተፈተገ ብር ያየ ሰብሳቢ ፊቱን ያዞራል። ጥቁረቱን ተዪው።

1780 በብሩ ላይ ያለችው የኦስትሪያ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ብሩ በተመታ ቁጥር ያው ዓመት ይጻፍበታል። ቪየና፣ ፕራግ፣ ሚላኖ፣ ቬኒስ ሁሉም መትተውታል። ጣሊያን እኛን በወረረበት በ1935 እ.ኤ.አ. መምቻውን ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ላይ አስመታው። በማግስቱ ዓመት ለንደንም ጀመረች። ከምስሏ ሥር ያሉት «ኤስ ኤፍ» ፊደሎች ሾብልና ፋቢ የሚባሉ፣ ጉንዝቡርግ በምትባል ከተማ የነበረው የብር መምቻ ቤት ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው። ችግሩ ሁሉም ገልብጧቸዋል፣ ስለዚህ ቦታውን አይነግሩሽም። ቦታ የሚጠቁመው አንቺ ያየሽው ነው፦ የጌጡ ዕንቁዎችና የጭራው ላባ። ዓይን አለሽ! የድሮ ነጋዴም ዕንቁውን ሳይቆጥር ብሩን አይቀበልም ነበር ይባላል።

ፎርጅዱን ለመለየት ጠርዙን እዪ። «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ ዙሪያውን ይሄዳል። ጽሑፉ ከደበዘዘ ወይም ከሌለ ተጠራጠሪ። ከዚያ መዝኚው፣ 28 ግራም ገደማ መሆን አለበት።

የምኒልኩ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው፣ በፈረንጅ 1896 ወይም 1897 ይሆናል። በአጉሊ መነጽር ፈልጊ፣ ትንሽ የላቲን «ኤ» ታገኛለሽ። ፓሪስ ነው የተመታው።

ሚዛናዊ፦
በምኒልኩ ብር ላይ ያለውን የአንበሳውን የፊት እግርም እዪው። በ1889ኙና በ1892ቱ ብር ላይ የተነሣው እግር አንድ አይደለም። ዓመቱ ተፍቆ የማይነበብ ሲሆን እኔ የምለየው በዚህ ነው።

ድሮና ዘንድሮ፦
«ኤ»ዋን አገኘኋት! ጠርዞቹም ይነበባሉ። አንደኛዋ ማርትሬዛ ላይ ግን የአንገት ማሠሪያ ቀለበት ተበይዷል። ላስነቅለው?

ጎፈሬው፦
አይ፣ አታስነቅይው። ቦታው ጠባሳ ይሆናል፣ በዚያ ላይ ሙቀቱ ብሩን ይጎዳዋል። ስትመዝኚ ግን የቀለበቱን ክብደት አትርሺ።