«ሕጉን እናክብር» ወይስ «እንግዳውን እንቀበል»? አማኝ የቱን ይዞ ይቁም?

ጥያቄ አንሺው፦ ባለፈው እሁድ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ስንወጣ አንድ ወንድም «ሕግ ጥሶ የገባን ሰው ቤተ ክርስቲያን ልትደብቅ አይገባም» አለ። አንዲት እህት ደግሞ «ጌታ እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል ያለው ፓስፖርት አይቶ ነው እንዴ?» ብላ መለሰችለት። በር ላይ የተጀመረው ክርክር መኪና ማቆሚያው ላይ አንድ ሰዓት አቆመን። ብርዱ ስለበተነን እዚህ በጽሑፍ እንቀጥል።

ጉዳዩ የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካው ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ጄፍ ሴሽንስ ድንበር ላይ ልጆችን ከወላጆቻቸው የሚለያየውን አሠራር ሲከላከሉ የጠቀሱት ለባለ ሥልጣን መገዛትን የሚያዘውን ሮሜ 13ን ነበር። በጃንዋሪ 2025 ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጄዲ ቫንስ ፍቅር ተራ አለው፣ ከቤተሰብ ይጀምርና ወደ ጎረቤት፣ ወደ አገር፣ ከዚያ ወደ ሌላው ዓለም ይሄዳል አሉ። በወሩ ፖፕ ፍራንሲስ ለአሜሪካ ጳጳሳት በጻፉት ደብዳቤ እውነተኛውን የፍቅር ሥርዓት ከደጉ ሳምራዊ ታሪክ ተማሩ ብለው ጻፉ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሹፌሩ፦ እኔ ልጀምር። ወንድሜን ለማምጣት ያመለከትኩት ዜግነት ባገኘሁ ሳምንት ነው። የወንድምና እህት መስመር ከ15 ዓመት በላይ ያስጠብቃል። በየወሩ ተራው የትኛው ቀን ያመለከተ ሰው ላይ እንደደረሰ የሚያሳየው የመንግሥት የቪዛ ሰሌዳ ሲወጣ ስልኬን ከፍቼ ቀኑን አያለሁ። አንዳንድ ወር ፈቅ ይላል፣ አንዳንድ ወር ጭራሽ ወደ ኋላ ይሄዳል። እየጠበቅን አባታችን ሞተ። ወንድሜ ጢሙ ሸበተ። ሌላው በሌሊት ተሻግሮ ይገባና ቤተ ክርስቲያን «እንግዳችን» ትለዋለች። ለወንድሜስ ማን ራራለት? «ነፍስ ሁሉ በበላይ ላሉት ባለ ሥልጣኖች ይገዛ» ይላል። «ካልተመቸህ በቀር» የሚል አላነበብኩም።

የሰንበት ተማሪ፦ ጋሼ፣ ምዕራፉን ወደ ታች ይውረዱበት እስቲ። ቁጥር 10 ላይ «ፍቅር ለባልንጀራው ክፉ አያደርግም» ይላል። ደግሞ ይህን የጻፈው ጳውሎስ ራሱ ከደማስቆ እንዴት ነው ያመለጠው? ገዥው ከተማውን እያስጠበቀ በቅርጫት ከቅጥሩ ወርዶ አይደል?

ሹፌሩ፦ አንቺ ልጅ ጎበዝ ነሽ። ግን ጳውሎስ የወረደው ሊይዙት ሲያሳድዱት ነው። ነፍሱን ለማትረፍ የሸሸ ሰው ጥገኝነት ይጠይቅ። ከ1980 ጀምሮ ሕጉ ራሱ በር ከፍቶለታል። እኔ የማወራው ስለሌላው ነው።

ዲያቆኑ፦ ከጋሼ ጋር ነኝ፣ በግማሽ። ዘሌዋውያን 19 እንግዳውን እንደ ራስህ ውደድ ይላል፣ እውነት ነው። ዘጸአት 12 ደግሞ ለአገር ልጅም ለመጻተኛም ሥርዓቱ አንድ ይሁን ይላል። መጻተኛው የሚጠበቅበት ነገር አለ ማለት ነው። ሌላው አናሲሞስ ነው። ከጌታው የኮበለለ ባሪያ ነበር። ጳውሎስ አልደበቀውም። ወደ ፊልሞና መልሶ ላከው።

ነርሷ፦ ዲያቆን፣ ባዶ እጁን ነው እንዴ የላከው? ደብዳቤ አስይዞ ነው። «እኔን እንደምትቀበለኝ ተቀበለው፣ ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው» ብሎ። ዛሬ ስንቶቻችን ነን የሰው ዕዳ በእኔ ላይ ቁጠሩ የምንል? እኔ እንኳ አልልም፣ እውነቱን ለመናገር።

ፎርም ሞይ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ፎርም እሞላለሁ። ሎየር አይደለሁም፣ ከባድ ኬዝ ሲመጣ ወደ ሎየር ነው የምልከው። ጥቅሱን ለእናንተ ትቼ አንድ ነገር ላስረዳ። «መስመሩን ይዞ ይምጣ» የሚባለው ሁሉም ሰው ፊት መስመር ያለ ስለሚመስለን ነው።

ሁለት ሰዎችን እንውሰድ። አንዱ በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ቀኑ አለፈበት። ሌላው በድንበር ያለ ፍተሻ ገባ። ሁለቱም ዜጋ አገቡ። የመጀመሪያው፣ በኤርፖርት ታይቶ ስለገባ፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ሆኖ ግሪን ካርድ ያመለክታል። ሁለተኛው ወጥቶ ኤምባሲ መቅረብ አለበት። ችግሩ የሚጀምረው በወጣበት ቅጽበት ነው። በ1996 የወጣው ሕግ ከ180 ቀን በላይ ያለ ወረቀት ኖሮ የወጣን ሰው 3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የኖረን 10 ዓመት እንዳይመለስ ያግደዋል። «ሕጋዊ ልሁን» ብሎ የሄደው ሰው ሕጋዊ ለመሆን በመሄዱ ይቀጣል።

ምሕረት የለም ወይ? አለ። ግን ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው ባል፣ ሚስት ወይም ወላጅ ላይ ከባድ ጉዳት እንደሚደርስ ማሳየት ያስፈልጋል። ልጆች በዚህ ዝርዝር የሉም። አንዲት እናት የሦስት ልጆቿን የልደት ወረቀት በፌስታል ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደረችው። ለዚህኛው ጥያቄ አይቆጠርም ስላት ደግማ ሰብስባ ፌስታሉን ቋጠረችው። ምንም አላለችም።

ስለዚህ ጋሼ፣ የወንድምዎ መስመር 15 ዓመት ነው፣ ያማል። የእሷ ግን መስመር የለውም። ሁለቱንም የጎዳው የሕጉ አሠራር ነው፤ ወንድምዎን የጎዳችው እሷ አይደለችም። «ሕግ ይከበር» እና «ሕጉ ይሻሻል» የማይጣሉ ነገሮች ናቸው። ኢሳይያስ 10 የግፍ ትእዛዝ ለሚያወጡ ወዮላቸው ሲል በሕጋዊ መንገድ ስለወጣ ሕግ እኮ ነው የሚያወራው።

ዲያቆኑ፦ ይሻሻል ስትል የጅምላ ምሕረት ማለትህ ነው? በ1986 በፕሬዚዳንት ሬገን ጊዜ በሕግ ተሞከረ እኮ። ወደ 2.7 ሚሊዮን ሰው ወረቀት አገኘ። ከዚያስ? ያለ ወረቀት የሚኖረው ቁጥር ተመልሶ ከዚያ በላይ ሆነ። ይቅርታ ያለ ንስሐ ሌላውን ይጋብዛል።

ፎርም ሞይ፦ ጥሩ ነጥብ ነው። ታዲያ ንስሐ ከቀኖና ጋር ይሁን። ሕጉ ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። እስከ ኤፕሪል 30፣ 2001 ድረስ ማመልከቻ የገባለት ሰው 1,000 ዶላር ቅጣት ከፍሎ፣ ሌላው ነገር ከተሟላ፣ አገር ሳይለቅ ጉዳዩን መጨረስ ይችላል። ዛሬም ያ ቀን ያለው አሮጌ ወረቀት ከመሳቢያ ሲወጣ እልል ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የመጣው ግን ተዘጋበት። ዘኬዎስ አራት እጥፍ ልክፈል ሲል «ከኢያሪኮ ውጣ» አልተባለም።

ነርሷ፦ ቤተ ክርስቲያን ትደብቅ ወይስ አትደብቅ የሚለውስ? በ1982 አሪዞና ውስጥ ቱሳን ከተማ የሚገኝ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቲማላ የሸሹትን በግልጽ አስጠለለ። በድብቅ አይደለም፣ ለመንግሥት አሳውቀው። በ1986 ስምንት ሰዎች ጥፋተኛ ተባሉ፣ በአመክሮ ተለቀቁ። አብያተ ክርስቲያናት በጎን መንግሥትን ፍርድ ቤት ከስሰው ነበርና በ1991 ስምምነት ተደርሶ የብዙ ሰው የጥገኝነት ኬዝ እንደገና እንዲታይ ሆነ። ሕግ ጥሰዋል፣ ቅጣቱንም ሳይሸሹ ተቀብለዋል። ለኔ ይህ ከሮሜ 13 ጋር አይጣላም።

ዲያቆኑ፦ በግልጽ ከሆነና ዋጋውን ራሱ ከከፈለ፣ አከብራለሁ። በስውር የሚደረገው ነው የሚከብደኝ።

ስሜ ይቅር፦ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ስለ ስውር ካነሳችሁ አንድ ነገር ልበል። የቤተ ክርስቲያናችንን አዳራሽ ቀለም የቀባነው እኔና ሁለት ጓደኞቼ ነን። ወረቀት እንደሌለን የሚያሠራን ሰው ያውቃል። ለዚህ ነው የገበያውን ግማሽ በካሽ የከፈለን። ያ የ1986 ሕግ እያወቁ ማሠራትንም ከልክሏል አይደል? እሁድ «ሕግ ይከበር» ሲባል ከሁሉ ቀድሞ አሜን ያለው እሱ ነው። እኔ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ድሮ ፊት ነበር የምቀመጠው። ከ2011 ጀምሮ አምልኮ ቦታ ላይ ማሰርን የሚገድበው መመሪያ በጃንዋሪ 2025 ሲነሳ ቦታ ቀየርኩ። የሚገባውን ሰው ማየት እፈልጋለሁ።

የሰንበት ተማሪ፦ ወንድሜ…

ሹፌሩ፦ ይቅርታ፣ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ሐሳቤን አልቀየርኩም። ድንበር ድንበር ነው፣ ወንድሜም አሁንም እየጠበቀ ነው። ግን ያ የገንዘብ ነገር ሌላ ነው። የሠራተኛን ደሞዝ የከለከለ ያዕቆብ 5 ላይ ምን እንደተባለ ሁላችንም እናውቃለን። ልጄ፣ ስንት ቀረብህ? በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ሰውዬውን የማውቀው ይመስለኛል።

ፎርም ሞይ፦ «ስሜ ይቅር»፣ መጀመሪያ ስንት ዓመተ ምሕረት እንደገባህና ማን አመልክቶልህ እንደሚያውቅ ማየት አለብን። ቅዳሜ ጠዋት እዛው ነኝ። ያለህን ወረቀት ሁሉ ይዘህ ና፣ የቆየ ፖስታም ቢሆን አትጣል።

ሹፌሩ፦ መኪና ከሌለው እኔ አመጣዋለሁ።