በእጅ የተጻፈ ቃል ሙሉ ቀለም ውስጥ በስክሪን ሲታተም ለምን ይዋጣል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። 50 በ70 ሳንቲሜትር ወረቀት ላይ 20 ቅጂ በስክሪን (ቀለሙ በተወጠረ ስስ መረብ አልፎ ወረቀቱ ላይ በሚያርፍበት ዘዴ) ላትም ነው። ዙሪያውን 4 ሳንቲሜትር ኅዳግ ትቼ ሌላው በሙሉ ሰማያዊ ይለብሳል፤ መሃሉ ላይ በእጄ የጻፍኩት «ቀይ» የሚል አንድ ቃል አለ። ፊደሉ ቀለም ሳይነካው የወረቀቱን ነጭ ይዞ እንዲቀር እፈልጋለሁ። በሙከራው ቀጫጭኑ የብዕር ጭረት በሰማያዊው ተዋጠ፤ የተረፈው ደግሞ የኮምፒውተር ፊደል መሰለ። ስክሪኑ በሳንቲሜትር 43 ክር ነው፣ ቀለሙ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ። ምን ላስተካክል?

መልስ 1

ወንድሜ፣ 43 ክር ለጨርቅ ህትመት ነው የሚሆነው። ለብዕር ጭረት ሻካራ ነው፤ የፊደሉ ጠርዝ ጥርስ ያወጣል፣ የሚወርደው ቀለምም ይበዛል። ከ90 እስከ 120 ክር ባለው ሥራ።

ዋናው ጣጣ ግን ብርሃኑ ላይ ይመስለኛል። አንተ ዘንድ ፊደሉ ራሱ የጠነከረ ኢመልሽን (ስክሪኑ ላይ የሚቀባ፣ ብርሃን ሲያገኘው የሚጠነክር ልባስ) ነው። ብርሃን ካነሰው ስታጥበው ቀጭኑ ጭረት አብሮ ይሄዳል፣ በዚያም ሰማያዊው ይገባል። ከበዛበት ደግሞ ብርሃኑ በፊልሙ (ምስሉ በጥቁር የታተመበት ግልጽ ፕላስቲክ) ጠርዝ ሥር ሾልኮ ጭረቱን ያወፍረዋል፤ ያኔ በ«ቀ» ቀለበት ውስጥ ያሉት ሁለት ትንንሽ ክፍተቶች ሳይከፈቱ ነጭ ይቀራሉ። በግምት አትሂድ፦ ፊልሙን በካርቶን ሸፍነህ፣ በየ30 ሰከንዱ ትንሽ ትንሽ እየገለጥክ አምስት እርከን አውጣ። ጭረቱም ያልታጠበበት፣ ክፍተቱም የተከፈተበት እርከን ትክክለኛው የብርሃን ጊዜህ ነው።

ስታትም ስክሪኑ ከወረቀቱ 3 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ይበል። ወረቀቱ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ቀለሙ በኢመልሽኑ ሥር ይሾልካል። ስኩዊጁም (ቀለሙን የምትጎትትበት ጎማ) ጠርዙ ያልደነዘዘ፣ ጥንካሬው በጎማ መለኪያው ከ70 እስከ 75 ሾር የሆነ ይሁን።

መልስ 2

ፊደሉ ለምን የኮምፒውተር መሰለ ላልከው፣ ጥፋቱ ስካኑ ላይ ነው። ጥቁርና ነጭ ብቻ በሚለው ምርጫ ስካን ካደረግክ ማሽኑ ደብዘዝ ያለውን ሁሉ ይጥለዋል። በግራጫ፣ በ1200 ዲፒአይ (በኢንች 1200 ነጥብ)፣ በትክክለኛ መጠኑ አስገባው፤ ጥቁሩና ነጩ የሚለዩበትን መጠን በዓይንህ እያየህ ወስን፣ ከዚያ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርገው። ብዕሩ የዘለለበትንና ቀለም ያጠራቀመበትን ቦታ አታጽዳ።

ይህ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጃስፐር ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1959 በሠራው «ፎልስ ስታርት» የቀለም ስሞችን ከሌላ ቀለም ጋር ሲያጋጭ ፊደሉን በስቴንስል (ቅርጹ ተቆርጦ በወጣለት ሰሌዳ) ነው ያወጣው፤ ስለዚህ ቃሉ የማንም አይመስልም። በእጅ ሲጻፍ ግን ሰማያዊውን «ቀይ» የሚል አንድ ሰው አለ። ያንን ሰው የሚያሳየው የእጁ ክብደት ብቻ ነው።

ፊልሙን ጨርሶ መተውም ትችላለህ። በስክሪኑ የውስጥ በኩል፣ ስኩዊጁ በሚሄድበት ገጽ፣ ቃሉን በስክሪን መድፈኛ በብሩሽ ጻፈው። የጻፍክበት ይደፈናል፣ ወረቀቱም እዚያ ነጭ ይቀራል፤ ቃሉን እንደ መስታወት ምስል ገልብጠህ መጻፍም የለብህም። መድፈኛው ከደረቀ በኋላ በውሃ የማይሟሟ ዓይነት መሆኑን አረጋግጥ፣ አለበለዚያ አክሪሊክህ በጥቂት ቅጂ ያጥበዋል።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ። ሰማያዊውን በሙሉ አትሜ ቃሉን ከላይ በነጭ ቀለም ባትመውስ?

መልስ 3

አልመክርህም። ነጭ በሰማያዊ ላይ በአንድ ጊዜ አይሸፍንም፣ ሰማያዊው ውስጥ ለውስጥ ይታያል። ሁለቴ ካተምከው ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር መዛነፍ ብቻ ጭረቱን ጥላ ያበጅለታል።

ለሰፊው ሰማያዊ ግን ተጠንቀቅ። ስኩዊጁ ከምስሉ በሁለቱም ወገን 3 ሳንቲሜትር ይለፍ፣ መሃል ላይ ሳትቆም በአንድ ትንፋሽ ጎትት፤ የቆምክበት ቦታ ላይ መስመር ይቀራል። ከእያንዳንዱ ህትመት በኋላ ወዲያው ስክሪኑን በቀለም ሸፍነው፤ ክፍት ከተተወ መጀመሪያ የሚደርቀው የፊደሉ ጠርዝ ነው። የቀለሙን መድረቅ የሚያዘገይ ፈሳሽም ጨምርበት፣ መጠኑን ጣሳው ላይ ካለው አታሳልፍ፤ ካለፈ ቀለሙ እየተጣበቀ ያስቸግራል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር ከ250 ግራም በታች ከሆነ በእርጥበቱ ይጠቀለላል፣ 300 ይሻላል። ለ20 ቅጂ 26 ወይም 27 ወረቀት አዘጋጅ።

ቁጥሩንና ፊርማህን በእርሳስ ከጀርባ አድርገው። ከፊት ከሆነ ሁለተኛ የእጅ ጽሑፍ ይሆናል፣ ዓይን ከቃሉ ይልቅ ወደዚያ ይሄዳል።