አዳማ ላለው ያረጀ ፕሪየስ የመሪ ዕቃ ከውጭ መላክ

ከለንደን፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ወላጆቻችን የሚነዱት መኪና የ2007 (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ ፕሪየስ፣ በነዳጅና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሃይብሪድ ነው። መሪው አልፎ አልፎ በድንገት ይከብዳል፣ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል፣ አጥፍተው ሲያስነሱት ይስተካከላል። በዝግታ ሲታጠፍ ደግሞ እጅ ላይ የሚሰማ «ቋ» የሚል ነገር አለው። ጋራዡ የመሪ ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ ይቀየር ብሏል። ከዚህ የሚሄድ ሰው ስላለ ያገለገለ ገዝተን እንላክ?

ከዴንቨር፦ ከለንደን? በጭራሽ። የእንግሊዝ መኪና መሪው በቀኝ ስለሆነ ሳጥኑም ኮለሙም (መሪው የተገጠመበት ምሰሶ) ኢትዮጵያ ላለው አይገጥምም። ከጃፓን መኪና የተፈታም እንደዚያው ነው። የግድ ከሆነ ከአሜሪካ፣ ከጀርመን ወይም ከዱባይ ይፈለግ። ግን ገና እዚያ አልደረሳችሁም፤ የጻፍሽው ሁለት ችግር ነው። መክበዱ የኤሌክትሪክ ነው፣ ድምፁ የብረት።

ይህ መኪና የመሪ ዘይት የለውም። «ዘይት ጎድሏል» የሚል ካለ ወደ ሌላ ጋራዥ ሂዱ፤ ኮፋኖ ሥር የሚያየው የፍሬን ዘይት ነው። መሪውን የሚያግዘው ኮለሙ ላይ የተገጠመ ሞተር ሲሆን የሚሠራው በ12 ቮልት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለካው ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው በቀኝ ጎን ያለችው ትንሿ ባትሪ ናት። ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ይጠበቃል፤ ከ12.2 በታች ከሆነ ቻርጅ ተደርጋ በጭነት ትፈተን። መኪናው ተነስቶ ዳሽቦርዱ ላይ «ሬዲ» የሚለው መብራት ሲበራ 14 አካባቢ ካልደረሰ ባትሪ መቀየር ብቻውን አይፈታውም፤ ከትልቁ ባትሪ ወደ 12 የሚቀይረው ክፍል ወይም ሽቦው ይታይ። ደግሞ የምትተካው ባትሪ የጋዝ ማስወጫ ቱቦ የሚገባላት ትሁን። ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ተራ የውሃ ባትሪ አይቀመጥም።

ባትሪው ደህና ከሆነ መኪናው የመዘገበው የብልሽት ኮድ ይነበብ። የሞተሩን ብቻ የሚያነብ ርካሽ መሣሪያ እዚህ ላይ ምንም አይልም፤ የመሪውን ሲስተም የሚከፍት ያስፈልጋል። C1511 እስከ C1514 ካሳየ የጉልበት መለኪያ ሴንሰሩ ነው። ይህ ሴንሰር ያለው ኮለሙ ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ ቢቀየር ገንዘቡ ይወጣል፣ መብራቱ ተመልሶ ይበራል። ኮለም ከተቀየረ በኋላም ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ጎማ ቀጥ ብሎ፣ መሪው ሳይነካ ሴንሰሩ በመሣሪያው ዜሮ መደረግ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይሄ ነው።

አንድ ሌላ ነገር፦ ጠባብ ግቢ ውስጥ መኪናው ቆሞ መሪው ደጋግሞ ጥግ ድረስ ከተዞረ የመሪው ሞተር እንዳይቃጠል እገዛውን ራሱ ይቀንሳል። አሥር ደቂቃ ያህል ሲያርፍ ይመለሳል። ያ ብልሽት አይደለም።

ከዱባይ፦ ስለ «ቋ»ው፦ ቶዮታ በኅዳር 2012 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ዙሪያ 2.77 ሚሊዮን ያህል መኪና ለጥገና ሲጠራ ከ2004 እስከ 2009 ሞዴል የሆነው ፕሪየስ ነበረበት። ኮለሙን ከሳጥኑ የሚያገናኘው አጭር ዘንግ ጥርሱ በቂ ጥንካሬ ስላልነበረው፣ ጥግ ላይ በኃይል ሲዞር እየተበላ ይላላል። አንድ ሰው መሪውን ትንሽ ግራ ቀኝ ያወዛውዝ፣ ሌላው ፔዳሎቹ አጠገብ መጋጠሚያውን በእጁ ይያዝ። ላይኛው ዞሮ ታችኛው ከዘገየ ተገኘ ማለት ነው።

ሲፈታ፦ ጎማው ቀጥ ይበል፣ መሪው እንዳይዞር በወንበር ቀበቶ ይታሰር፣ መጋጠሚያው በቀለም ምልክት ይደረግበት። የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቅሎ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠበቅ፣ ኤርባግ አለ። ዘንጉ ተፈትቶ መሪው በነፃ ከተሽከረከረ ውስጡ ያለው የኤርባግና የጡሩምባ ሽቦ ይበጠሳል፤ በትንሽ ገንዘብ የሚያልቀው ሥራ ሌላ ወጪ ያመጣል።

ከለንደን፦ አመሰግናለሁ። ዘንጉ ደህና ከሆነስ?

ከዱባይ፦ ፊቱ በክሪክ ይነሳ፣ ድጋፍ ይግባ። ጎማውን ግራና ቀኝ ጎኑን ይዘው ሲያወዛውዙት ከተንቀሳቀሰ ታይሮድ (ሳጥኑን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ) ነው። ከላይና ከታች ተይዞ ከሆነ ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት። ታይሮድ ሲፈታ ስንት ዙር እንደወጣ ይቆጠር፣ አዲሱም በዚያው ልክ ይግባ፤ ከዚያ አላይመንት። የቸርኬ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር።

ከዴንቨር፦ የሻሲ ቁጥሩን ፎቶ አስልኪ። ለጥገና የተጠራ መሆኑ በቁጥሩ ይፈለጋል፤ ግን በአሜሪካው ድረ ገጽ የሚገኘው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መኪና ብቻ ስለሆነ «ምንም የለም» ቢል ዘንጉ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ከአዳማ፦ ጎማውንም አትርሱ። 185/65 R15 ከሆነ ፊት 35፣ ኋላ 33 ፒ.ኤስ.አይ ነው፤ ጎሚስታ በእግሩ እየረገጠ አይገምት። እስኪሠራ ድረስ አባታችን በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ አይውጡበት። እገዛው ሲጠፋ መሪው አይቆለፍም፣ ይከብዳል እንጂ፤ በሁለት እጅ ጠበቅ አድርገው ይዘው ቀስ ብለው ዳር እንዲይዙ ከአሁኑ ይነገራቸው።