እናቴ የደም ማቅጠኛ ትወስዳለች፤ ዳማከሴና ጤና አዳም ይስማሟታል?

ሰላም ወገኖች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። እናቴ ለልቧ ዋርፋሪን ትወስዳለች። ምች መታኝ ባለች ቁጥር ግን ዳማከሴ አሽታ ጭማቂውን በቡና ትጠጣለች፤ የተረፈውን ትቀባዋለች። ሆዷን ሲቆርጣት ጤና አዳም፣ ጉንፋን ሲይዛት ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በማር። እኔም ያደግኩት በዚሁ ነው፣ አልንቀውም። ነጭ ሽንኩርት ሲበዛ ግን ከዋርፋሪን ጋር ደም መፍሰስን ሊያባብስ ይችላል። ሰሞኑን ድዷ መድማት ጀምሯል፣ በጣም ፈርቻለሁ። ዛሬ ከሰዓት ለደም ምርመራ እወስዳታለሁ። የቸገረኝ ሌላው ነው። «ቅጠል ምን ያደርጋል?» ስትለኝ መልስ አጣለሁ። ዳማከሴውን መጠጣቱን ትታ ብትቀባው ብቻስ? ጤና አዳም ቡናዋ ላይ ጣል ብታደርግስ? ፋርማሲስቶች ካላችሁ፣ ወይም እናቱን በዚህ ጉዳይ ያሳመነ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።