ዳዊት ላይ ዓመት ያልተጻፈለት ሕፃን፤ የልደቱና የዕረፍቱ ዘመን እንዴት ይገኛል?

ጥያቄ፦ የምትኩ የልጅ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። የአያቴ ታላቅ ወንድም ሕፃን ሳለ ነው ያረፈው። በቤተሰቡ የብራና ዳዊት የመጨረሻ ቅጠል ላይ ስለሱ ያለው ይህ ብቻ ነው፦ «ተወልደ ኃይለ ሚካኤል በዘመነ ማርቆስ አመ ፳ወ፩ ለግንቦት በዕለተ ዓርብ»፣ ከሥሩም «አዕረፈ በዘመነ ሉቃስ አመ ፲ወ፬ ለኅዳር በዕለተ ቀዳሚት»። ዓመተ ምሕረት የለውም። አንዱ ዘመድ በኅዳር በሽታ ሞተ ይላል፣ ሌላው በጣልያን ጊዜ ነው ይላል። አያቴ ምትኩ ይባላሉ፤ የጡረታ ማኅደራቸው ትውልዳቸውን 1914 ይላል። ቤተሰቡ አዲስ አበባ ነበር። ዓመቱ ይገኛል?

መልስ፦ ባሕረ ሐሳብ ወዳድ

ይገኛል። ወንጌላዊው፣ ቀኑና ዕለቱ ሦስቱም ካሉ ዓመቱ ተጽፏል ማለት ነው።

መጀመሪያ ወንጌላዊውን ያውጡ። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍለው 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ ለልደቱ 1898፣ 1902፣ 1906፣ 1910 እያሉ የማርቆስን ዓመታት ብቻ ይፈትሻሉ።

ቀጥሎ ዕለቱ። በ1906 ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ (ከዓለም ፍጥረት የሚቆጠረው ዘመን) 7406 ነው። ይህን ለ4 ሲያካፍሉ 1851 ይደርሳል፤ ትርፉን ይተዉት፣ መጠነ ራብዒት የሚባለው ይህ ነው። 7406 እና 1851 ተደምረው 9257፤ ለ7 ሲገደፍ (ሲካፈል) 3 ይተርፋል። ትርፉ 1 ከሆነ መስከረም 1 ማክሰኞ ይውላል፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ እንዲህ እያለ 0 ሰኞ ነው። የ1906 መስከረም 1 እንግዲህ ሐሙስ ነበር። እስከ ግንቦት 21 ያለው 8 ወር ከ20 ቀን፣ 260 ቀን ነው፤ ለ7 ሲገደፍ 1 ስለሚተርፍ ከሐሙስ አንድ ቀን ይገፋል፤ ዓርብ። ገጠመ። በ1902 ያው ቀን እሑድ፣ በ1910 ረቡዕ ስለሚውል ሁለቱም ይወድቃሉ።

ዕረፍቱንም በዚያው መንገድ ቢያሰሉት ኅዳር 14 ቀን 1911 ቅዳሜ ነው። የጣልያን ዘመን የሉቃስ ዓመት 1931 ብቻ ነው፤ በዚያ ዓመት ኅዳር 14 ረቡዕ ዋለ። የዘመድዎ ነገር እዚህ ላይ ያበቃል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ቀን፣ ዕለትና ወንጌላዊ በየ28 ዓመቱ እንደገና ይገጥማሉ፤ ስለዚህ ለልደቱ 1934፣ ለዕረፍቱ 1939ም በስሌት ያልፋሉ። እነሱን የሚጥላቸው የአያትዎ ትውልድ ነው። የጡረታ ማኅደር ላይ ያለ ዓመት ብዙ ጊዜ ግምት ነው፤ ግን ጥቂት ዓመት ቢሳሳት እንኳ 28 ዓመት አይሳሳትም። ምትኩ የሚለው ስምም ከሞተ ልጅ በኋላ የሚወጣ ስም ነውና ቅደም ተከተሉን ይደግፋል። ዘመድ ውስጥ ካሳ፣ ማስረሻ ወይም ተካ ካለ፣ ከፊቱ ያልተመዘገበ ልጅ እንዳለ ይጠይቁ።

መልስ፦ የብራና ሰው

ስሌቱ ልክ ነው፤ ግን የሚቆመው ንባቡ ልክ ከሆነ ነው። በእጅ ጽሑፍ ፮ና ፯ ይምታታሉ፣ የደበዘዘ ፬ም እንደ ፩ ይነበባል። እዚህ ዕለቱ ያድንዎታል፦ ፲ወ፩ ቢሆን ኖሮ ኅዳር 11 ቀን 1911 ረቡዕ ነው እንጂ ቅዳሜ አይሆንም።

ቅጠሉን ከነጠርዙ ሙሉውን ፎቶ ያንሱ፤ ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ ይምጣ፣ የተፋቀ ቀለም ጎድጎድ ብሎ ይታያል። በውኃ ማርጠብ፣ በላዩ በእርሳስ መጻፍ፣ ፕላስተር መለጠፍ አይሞከርም። ሁለቱ መስመሮች በአንድ እጅና በአንድ ቀለም ተጽፈው እንደሆነም ይዩ። አንድ ከሆኑ ልደቱም ከሞተ በኋላ በትዝታ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፣ ክብደቱ ይቀንሳል።

«ተወልደ» ማለቱ ጥሩ ነው። ብዙ ማስታወሻ የሚይዘው ክርስትና የተነሣበትን ቀን ነው፤ ያኔ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ወደኋላ ይቆጠራል። የዚህኛው ልጅ 40ኛ ቀን ሰኔ 30 ነው።

ጥያቄ፦ የምትኩ የልጅ ልጅ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኃይለ ሚካኤል የክርስትና ስሙ ይመስለኛል። የቤት ስሙንና መቃብሩን የት ልፈልግ? እዚህ አሜሪካ ላሉት የአክስቴ ልጆችም በፈረንጅ ቀን ልልክላቸው ነው።

መልስ፦ እቴጌ ሰፈር

የቤት ስም በዳዊት ላይ ብዙም አይጻፍም፤ ከሴት አያቶች ወገን ነው የሚገኘው። «ማን ሞተ?» ብለው አይጀምሩ። «ከምትኩ በፊት የቤቱ ልጅ ማን ይባል ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ለየብቻ ያናግሯቸው፤ አብረው ከተቀመጡ ታላቂቱ ያለችውን ሁሉም ይደግማል። ለመቃብሩ በ1911 ቤተሰቡ የነበረበትን አጥቢያ ይለዩና የደብሩን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ በክርስትና ስሙ ነው የሚጠየቀው። ወሳኝ ኩነት ቢሮ አይድከሙ፣ አገር አቀፉ ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ነው።

ለፈረንጁ ቀን ደግሞ ለሁሉም 8 እንዳይደምሩ። ግንቦት ላይ 8፣ ኅዳር ላይ 7 ነው፤ ልደቱ ሜይ 29 ቀን 1914፣ ዕረፍቱ ኖቬምበር 23 ቀን 1918።

መልስ፦ ባሕረ ሐሳብ ወዳድ

ዕድሜውን ሲያሰሉ የጳጉሜን 5 ቀናት አይርሱ፤ 4 ዓመት ከ5 ወር ከ28 ቀን ይሆናል። በሽታውን በተመለከተ ዳዊቱ ምክንያት አልጻፈም። ቀኑ ኅዳር ሚካኤል በዋለ በሁለተኛው ቀን ነው፣ አዲስ አበባ በወረርሽኙ ክፉኛ በተመታችበት ወር። እኔ ብሆን የዘር ሐረጉ ላይ «በኅዳር በሽታ ወቅት አረፈ፤ ምክንያቱ በቤተሰብ ቃል» ብዬ እጽፋለሁ፣ ከጎኑም የዳዊቱን ንባብ እንዳለ በግእዙ አሰፍራለሁ።