ትዌልቭ አንግሪ ሜን፦ ክፍሉ እየጠበበ የሚሄድ የሚመስለው ለምንድን ነው?

ማታ_ፊልም

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከምወዳቸው ፊልሞች ሁሉ ደጋግሜ የማየው «ትዌልቭ አንግሪ ሜን»ን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣውን የሲድኒ ሉሜትን ማለቴ ነው፣ የ1997ቱን አይደለም። በአንድ ልጅ የወንጀል ክስ ላይ ለመወሰን የተሰበሰቡ 12 ሰዎች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ክፍል። ሆኖም ወደ መጨረሻው ስንደርስ ትንፋሽ ያጥረኛል። ክፍሉ ያው ነው፣ ግን እየጠበበ የመጣ ይመስለኛል። ይሄ የትወናው ጉልበት ብቻ ነው ወይስ በካሜራ የተሠራ ነገር አለ?

ሌላው፣ ፊልሙን ለሰፈራችን የወጣቶች ፊልም ክበብ ልናሳየው ነው። ያለን 55 ኢንች ቲቪ፣ ላፕቶፕና የአማርኛ ሰብታይትል ፋይል ነው። ስንሞክረው ሁለት ችግር ታየ። ምስሉ ፊልም ሳይሆን የቲቪ ድራማ መሰለ። ሰብታይትሉ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየቆየ ይዘገያል፤ መሃል ላይ ሁለት ደቂቃ ያህል ወደኋላ ቀርቷል። ምን ይሻላል? ልጆቹስ ምን ልብ እንዲሉ አስቀድመን ብንነግራቸው ጥሩ ነው?

ጋሼ_ሌንስ

ስሜትሽ ልክ ነው፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ሉሜት ራሱ በ1995 ባሳተመው ስለ ፊልም ሥራ በጻፈው መጽሐፉ ዘርዝሮታል። ሁለት ነገር ጎን ለጎን ይሄዳል።

አንደኛው የካሜራው ከፍታ ነው። ፊልሙን ሦስት ቦታ ክፈይው። የመጀመሪያው ሲሶ የተቀረጸው ካሜራው ከዓይን ከፍታ በላይ ሆኖ ነው፤ ሁለተኛው ሲሶ በዓይን ትክክል፣ የመጨረሻው ሲሶ ከዓይን በታች። ካሜራው ከላይ ሲሆን ጠረጴዛውንና በሰዎቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ታያለሽ። ዝቅ ብሎ ቀና ሲል ግን ኮርኒሱ ፍሬም ውስጥ ይገባል። ያኔ ግድግዳው ብቻ ሳይሆን ጣሪያውም ሰዎቹ ላይ ይጫናቸዋል።

ሁለተኛው ሌንሱ ነው። ሲጀምር ከ28 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ባለው ይሠራል፤ እየቆየ ወደ 50፣ 75 እና 100 ሚሊ ሜትር ይሻገራል። ሌንሱ ሲረዝም ጀርባው ወደ ሰውየው የቀረበ ይመስላል፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ክልልም ይቀንሳል። መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ሲናገር ከኋላው ያሉት ሦስት አራት ሰዎች የሚያደርጉትን በግልጽ ታያለሽ። መጨረሻ ላይ ፊት ብቻ ነው የሚቀርሽ፣ ላቡ እስኪቆጠር።

ችሎቱን ለቀው ደረጃውን ሲወርዱ ያለውን የመጨረሻ ሾት ደግሞ በፊልሙ ውስጥ ከተጠቀመባቸው ሁሉ በሰፋው ሌንስ፣ ካሜራውንም ከሁሉ አስበልጦ ከፍ አድርጎ ነው ያነሳው። ተመልካቹ እፎይ እንዲል ነው ይላል። አንቺ ያጠረሽን ትንፋሽ እዚያ ጋ ነው የሚመልስልሽ።

ካሜራውን የያዘው ቦሪስ ካውፍማን ነው፤ በ1954ቱ «ኦን ዘ ዋተርፍሮንት» ኦስካር ያገኘው። ሉሜት እስከዚያ ድረስ የቲቪ ዳይሬክተር ነበር፣ ለሲኒማ ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጽሑፉም ቢሆን በ1954 በቲቪ የቀረበ የሬጂናልድ ሮዝ ድራማ ነበር።

ብርሃኑንም አትርሱት። ሲጀምር የጠራራ ቀን ብርሃን በመስኮት ይገባል። ከዚያ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ የጣሪያው መብራት ይበራል። አልሠራ ብሎ የነበረው ማራገቢያ ያኔ ነው የሚዞረው፣ ለካ ከመብራቱ ጋር በአንድ ማብሪያ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ጥላው ሁሉ ከላይ ወደታች ነው፤ ዓይኖች ጉድጓድ ይገባሉ።

ስሪ_ኤክስ

ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ እንዳለ ሆኖ አንድ ማስተካከያ ላክልበት፣ ልጆቹ እንዳይሳሳቱ። «ረጅም ሌንስ ያጠብባል» ሲባል ብዙ ሰው መስታወቱ በራሱ የሚያደርገው ይመስለዋል። ጀርባውን የሚያቀርበው ርቀቱ ነው። ረጅም ሌንስ ስታስገባ ፊቱ በፍሬሙ ውስጥ ያው መጠን እንዲኖረው ካሜራውን ወደኋላ መውሰድ ግድ ይሆንብሃል፤ ለውጡ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ማታ፣ ይህን ከፊልሙ በፊት በስልክ አሳዪአቸው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ልጅ ከግድግዳ 2 ሜትር ራቅ ብሎ ይቁም፣ ግድግዳው ላይ ካላንደር ይሰቀል። መጀመሪያ ከልጁ 1 ሜትር ላይ ሆናችሁ ያለ ዙም አንሱት። ከዚያ ወደ 3 ሜትር ሸሽታችሁ 3 እጥፍ ዙም አድርጉ። ፊቱ በሁለቱም ፎቶ እኩል ነው። ካላንደሩ ግን በመጀመሪያው ከካሜራው 3 ሜትር፣ በሁለተኛው 5 ሜትር ይርቃል፤ ከፊቱ አንጻር ሲታይ 1.8 ጊዜ ይተልቃል። ልጁ ከቆመበት ንቅንቅ ሳይል ግድግዳው ጀርባው ላይ ይመጣል። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ቲቪው ላይ ካሳያችሁ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ዙሙ ዲጂታል ቢሆንም ግድ የለም፣ ጥራቱ ይቀንሳል እንጂ ውጤቱ ያው ነው። የሚበላሸው ልጁ ወደ ግድግዳው ከተጠጋ ነው፤ ጀርባውን ከለጠፈ ልዩነት አይታይም።

ሌላ ልብ የሚባል፦ ይህ አካሄድ በጭፍን አይተገበርም። አሥረኛው ዳኛ (12ቱ ውሳኔ ሰጪዎች የሚጠሩት በቁጥር ነው) ስድቡን ሲያወርድና ሌሎቹ አንድ በአንድ ከጠረጴዛው እየተነሡ ጀርባቸውን ሲሰጡት፣ ፊልሙ ወደ ማለቁ ቢሆንም ካሜራው ራቅ ብሎ ነው የሚያየው። በቅርብ ፊት ቢቀረጽ ኖሮ ሰውዬው ብቻውን መቅረቱ አይታይም ነበር።

ሪሞት_በእጄ

ወደ ቲቪው ልምጣ። ድራማ የመሰለው ቲቪው በፍሬሞች (ፊልሙ በተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) መካከል ያልነበሩ ፍሬሞች እየፈጠረ ስለሚያስገባ ነው። ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፤ ቲቪው ወደ 60 ወይም 120 ሊያደርሰው ይሞክራል። የሚጠፋው ሴቲንግ በየብራንዱ ስሙ ይለያያል። ሳምሰንግ ላይ ፒክቸር ክላሪቲ (በድሮዎቹ ኦቶ ሞሽን ፕላስ)፣ ኤልጂ ላይ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ላይ ሞሽንፍሎው፣ ሃይሰንስ ላይ አልትራ ስሙዝ ሞሽን ነው። ሙሉ በሙሉ አጥፉት፣ «ዝቅተኛ» የሚለው አይበቃም። ፊልምሜከር ሞድ ካለው እሱን ምረጡ፣ አብዛኛውን በአንዴ ያስተካክላል። አንድ ወጥመድ አለ፦ ሴቲንጉ የሚቀመጠው ለየኢንፑቱ ነው። ኤችዲኤምአይ 1 ላይ አጥፍታችሁ ላፕቶፑን 2 ላይ ከሰካችሁ እንደ አዲስ ይመጣል።

ላፕቶፑ ላይ ሪፍሬሽ ሬቱን (ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ) 24 ኸርዝ አድርጉት፣ ካለ። ከሌለ 60 ይሁን፤ አንዱ ፍሬም 2 ጊዜ፣ ቀጣዩ 3 ጊዜ እየታየ ስለሚሄድ ካሜራው በጠረጴዛው ዙሪያ ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ ትንሽ መንገጫገጭ ይኖራል፤ ለዚህ ፊልም ብዙ አይጎዳም።

የቀለም ሙቀቱን «ዋርም» ላይ አድርጉ። «ስታንዳርድ» ላይ ጥቁርና ነጩ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሻርፕነስ ዝቅ ይበል፤ ሶኒ ከሆነ ግን መሃል ላይ ያለው 50 ነው ምንም የማይጨምረው። ድምፁ ሞኖ ነው፣ ሳውንድ ባር ካላችሁ የሰራውንድ ማስመሰያውን አጥፉ፤ ንግግሩን ያደነቁረዋል።

አሁን ዋናው። የፊልሙ የወርድና የቁመት ምጥጥን 1.66 ለ 1 ነው፣ ቲቪው 1.78። ስለዚህ ግራና ቀኝ ጥቁር መስመር ይኖራል፤ በ55 ኢንች ላይ በየጎኑ 4 ሳንቲም ሜትር ገደማ። ሰው አይቶት «አልሞላም» ብሎ ዙም እንዳይነካባችሁ። ዙም ስታደርጉ ምስሉ ከላይና ከታች ይቆረጣል፣ ከላይ የሚቆረጠው ደግሞ ጋሼ የነገሩሽ ኮርኒስ ነው። ስክሪኑን እሞላለሁ ብላችሁ የሉሜትን ጣሪያ ትነቅሉታላችሁ።

ሰብታይትሉ፦ ፊልሙ 96 ደቂቃ ነው። ፋይላችሁ ስንት ደቂቃ እንደሆነ እዪ፤ 92 ከሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም ወዳለው ፓል የሚባል የቲቪ ስርዓት የተፋጠነ ቅጂ ነው፣ ድምፁም በትንሹ ይቀጥናል። ሰብታይትሉ በ96 ደቂቃው ከተሠራ መሃል ላይ 2 ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ 4 ደቂቃ ይዘገያል። የነገርሽን ምልክት ከዚህ ጋር ይገጥማል። ቪኤልሲ (ቪዲዮ ማጫወቻው) ላይ «ጂ» እና «ኤች» ቁልፎችን መጫን መፍትሔ አይሆንም፤ እነሱ ሁሉንም መስመር እኩል ነው የሚገፉት፣ አሁን ብታስተካክዪው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይፋለሳል። ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ክፈቺው፣ የፍሬም ሬት መቀየሪያውን ከማመሳሰያ ሜኑ አውጪና ከ23.976 (ማለትም ከ24 ገደማ) ወደ 25 ቀይሪ። ከዚያ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ንግግር ብቻ አረጋግጪ። ሁለቱም በእኩል መጠን ከተሳሳቱ ያኔ ነው ኤችና ጂ የሚሠሩት።

ከቻላችሁ ግን ባለ 96 ደቂቃውን ቅጂ ፈልጉ።

መዝገብ_ቤት

ልጆቹ ምን ልብ ይበሉ ላልሽው፣ መጀመሪያ ሕጉን በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው፣ አለዚያ ግማሹን ሰዓት ግራ ይጋባሉ። እኛ አገር በወንጀል የሚፈርዱት ዳኞች ናቸው፤ እዚያ ግን 12 ተራ ዜጎች ተጠርተው ነው፣ ለውሳኔ ሁሉም መስማማት አለባቸው። ጥፋተኛ ከተባለ ልጁ የሞት ቅጣት እንደሚጠብቀው ችሎቱን የሚመራው ዳኛ ገና ሲጀመር ይናገራል።

ከዚያ ወረቀትና እርሳስ ስጫቸውና ድምፁን ይመዝግቡ። በ11 ለ 1 ይጀምራል (11 «ጥፋተኛ ነው»፣ 1 «አይደለም»)፤ በምስጢር ድምፅ ዘጠነኛው ይዞርና 10 ለ 2፣ አምስተኛው 9 ለ 3፣ አሥራ አንደኛው 8 ለ 4፣ ሁለተኛውና ስድስተኛው 6 ለ 6። ዝናቡ የሚመጣው እኩል ለእኩል በሆኑበት ሰዓት አካባቢ ነው። እያንዳንዱ ድምፅ ሲቀየር ካሜራው የት ከፍታ ላይ እንዳለ ከጎኑ ይጻፉ፤ የጋሼ ሦስት ሲሶ ከወረቀቱ ላይ ራሱ ይወጣል።

ለቅርብ እይታ አንድ ቦታ ምረጡ ብትሉኝ አራተኛውን ዳኛ ነው፣ መነጽር ያደረገውን። ሁሉም በሙቀቱ ሲቀልጥ እሱ ኮቱን እንደለበሰ ነው፤ አታልብም ወይ ሲሉት አላልብም ይላል። ስምንተኛው ዳኛ በቅርብ ያየውን ፊልምና ተዋንያኑን እንዲያስታውስ ሲያፋጥጠው ግን ይደነቃቀፋል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ይወጣል። መሐረቡን አውጥቶ ይጠርጋል። አንድም ሰው «አላበህ» አይለውም። ኋላ መነጽሩን አውልቆ አፍንጫውን ሲያሽ ሽማግሌው ዘጠነኛ ዳኛ የሚያየው ምልክት የክሱን ዋና ምስክር ይጥላል። ይህን ግን አስቀድማችሁ አትንገሩ፣ ያበላሻል።

ሕግ የተማረ ሰው ካለ አንድ ክርክር ማንሳቱ አይቀርም፦ ስምንተኛው ዳኛ በራሱ ጊዜ ወጥቶ በማስረጃነት ከቀረበው ጋር ተመሳሳይ የሆነ ጩቤ ገዝቶ ማምጣቱ አይፈቀድም፤ ውሳኔ ሰጪዎቹ ችሎት ላይ ከቀረበው ማስረጃ ውጭ ራሳቸው መመርመር የለባቸውም። እውነት ነው፣ በተግባር ቢሆን ችሎቱን ሊያፈርስ ይችላል። በእኔ ሚዛን ፊልሙን አያዋርደውም፣ ለውይይት ግን ከሁሉ የሚሻለው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ከፊልሙ በኋላ በእሱ ጀምሩ።

ማታ_ፊልም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼም ሁላችሁም። ፋይሉን አየሁት፣ 92 ደቂቃ ነው። በሰብታይትል ኤዲት ቀይሬው ጊዜው ገጠመ። አሁን ግን ላፕቶፑ ላይ ቪኤልሲ ፊደሉን ሳጥን ሳጥን አድርጎ ነው የሚያሳየው።

ሪሞት_በእጄ

ያ የፎንት ነው። ቪኤልሲ ውስጥ ፕሪፈረንስ፣ ከዚያ ሰብታይትል የሚለው ገጽ ላይ ፎንቱን ወደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ቀይሪ፤ ላፕቶፑ ላይ ከሌለ አቢሲኒካ በነፃ ይወርዳል። ቪኤልሲን ዘግተሽ ክፈቺው፣ ሳትዘጊ አይሠራም። ሳጥን ሳይሆን እንግዳ የላቲን ምልክት ከመጣ ግን ችግሩ ፋይሉ የተቀመጠበት ኢንኮዲንግ ነው፤ ሰብታይትል ኤዲት ላይ ዩቲኤፍ 8 ብለሽ ድጋሚ ሴቭ አድርጊው። ፊደሉን ከነጭ ይልቅ ወደ ቢጫ ብትቀይሪው ይሻላል፤ ሰዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጭ ሸሚዝ ነው የለበሱት።